አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ ፓርኪንግ ላይ ጆሮዬ ለምን ከዳኝ?

መነሻው ጽሑፍ

ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተከታተሉትን መልሶች፣ ማለትም ክሩን፣ በተራ አቀርባለሁ። ጠያቂው ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። የመስታወት ክፍሏ ውስጥ ይቀመጣል፤ መውጫው ላይ የተቸገረ ሹፌር ቁልፍ ሲጫን ድምፁን በስፒከር ሰምቶ መላ ይሰጣል። መላ ለመስጠት ግን አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተምሯል። አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ በመቀየር ክፍሉን ያስናቀ ተማሪ ነበር፤ የኮንዲሽናል ዓይነቶችን ዛሬም በቃሉ ይላቸዋል። አሁን ግን ሰው በስፒከር ሲያናግረው ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮው ላይ የምትቀረው «ካርድ» ወይም «ጌት» የምትባል አንዲት ቃል ናት። በዝግታ የተነበበውን የቪኦኤ ፕሮግራም ሲያዳምጥ ምንም አያመልጠውም፤ ደንበኛ ሲናገር ምንም አይያዝለትም። ስለዚህ ግራመር የተማረበት ዕድሜ በከንቱ እንደፈሰሰ ደምድሞ ሁለት ነገር ጠየቀ። ጆሮ እንዴት ይሠለጥናል? በቀን 20 ቃል ከነትርጉሙ የሚያሰፍርበት ደብተርስ ይጠቅመዋል ወይ? ለናሙና ብሎም ለአለቃው የላከውን አንድ መልእክት ለጠፈ። ክሩን ያስረዘመችው ይቺው ናሙና ናት።

1ኛ እና 2ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ እንኳን ደህና ገባህ ብሎ፣ አይዞህ ብሎ፣ የአምስት አፕሊኬሽን ስም ደርድሮ ሄደ። ሁለተኛዋ ፊልም በአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ እንዲያይ መከረችው። ሁለቱም ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያነበቡት አይመስለኝም።

3ኛ መልስ

ይኼኛው 2ኛዋን በትሕትና አረማት። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ካለ ዓይን ያነባል፣ ጆሮ ይተኛል ባይ ነው። እሱ የሚያደርገው ሁለት ደቂቃ ያህል ቆርጦ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከዚያ እንደገና ያለ ጽሑፍ መስማት ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ያ ጩኸት የመሰለው ነገር ቃል ሆኖ ሲወጣለት ይገርመዋል። አንድ ፊልም እየቆራረጠ ለመጨረስ አራት ወር እንደፈጀበት ግን አልደበቀም።

4ኛ መልስ

እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። ባሕር ዳር እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ነው። ግራመር በከንቱ የፈሰሰ ዕድሜ ነው መባሉ ከንክኖታል፤ ቁጣውንም ሸፋፍኖ አላቀረበውም። ግራመሩን አላወቅኸውም እንጂ ከንቱስ አልነበረም አለና ናሙናዋን አነሣት። ጠያቂው ለአለቃው ትናንት ባንክ ሄጄ ነበር ለማለት የጻፈው «አይ ሃድ ጎን ቱ ዘ ባንክ የስተርደይ» የሚል ነበር። መምህሩ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሲያስረዳ ቁጣው እየበረደ ሄደ፤ ሰው የሚወደውን ነገር ሲያስተምር እንዲህ ነው። አማርኛችን «ሄጄ ነበር» ሲል ሄጄ ተመልሻለሁ፣ ጉዳዩ አልቋል ማለቱ ነው። ተማሪው «ነበር»ን ሲያይ «ሃድ»ን ይጎትታል። የእንግሊዝኛው «ሃድ ጎን» ግን ብቻውን አይቆምም፤ ካለፈ ነገርም በፊት ያለፈ ነገር ሲኖር ነው የሚመጣው። አለቃው መልእክቱን ሲያነብ ከዚያ በኋላ ምን ተፈጠረ ብሎ ይጠብቃል። «አይ ዌንት» ይበቃ ነበር።

ሁለተኛ ምሳሌም ጨመረ። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ማንም አይስቅብንም። እንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ካለ «ሃቭ ሲን»ን አያስጠጋም፤ ያለቀለት ቀን በስሙ ከተጠራ ግሡም አብሮ ያልቃል። እኛ «አለሁ» ያለበትን ሁሉ በ«ሃቭ» ስለምንመነዝር እንሳሳታለን። ደንቡን ፈተና ላይ የሚመልስ ልጅ ሲናገር የሚስተው፣ አፉ የሚነሣው ከአማርኛው ስለሆነ ነው አለ።

እኔ በግሌ ይህን ነገር ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም። ሠንጠረዡን አስገለበጡን፣ እኛም ገለበጥን።

5ኛ እና 6ኛ መልስ

5ኛው መምህሩን አረመ። «ነበር» ሁልጊዜ አያሳስትም፤ «ስትደውልልኝ ከቤት ወጥቼ ነበር» ሲባል ከእንግሊዝኛው «ሃድ» ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል፤ የሚያሳስተው ሁለተኛ ድርጊት በሌለበት ብቻውን ሲመጣ ነው አለ። መምህሩም በ6ኛው ላይ ሳያንገራግር ተቀበለ። አክሎም «መጣሁ» የሚለውን ቃል ለውይይት ጣለ፤ ገና ከወንበራችን ሳንነሣ መጣሁ የምንል ሰዎች ያለፈ ጊዜን በምን አቅላችን ነው የምንማረው ብሎ።

7ኛ መልስ

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ይህችን ቃል አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ሥራ በጀመረች ሰሞን እመቤቲቱ ከላይ ፎቅ ስትጠራት እሷ ከማዕድ ቤት ሆና ጮክ ብላ «አይ ኬም!» ትላለች። እመቤቲቱም መጥታለች ብላ ዞር ትላለች፤ ሰው የለም። ደጋግማ ስትጠራ ደጋግማ መጥታለች። «አይም ካሚንግ» ማለትን ያስተማረቻት አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት። ከዚያ ቁም ነገር ወዳለው ወገን አለፈች፦ እሷ ጆሮዋን ማስለመድ የነበረባት ከአሜሪካ ወይም ከለንደን እንግሊዝኛ ጋር ሳይሆን ከሕንዱ ሹፌር፣ ከፊሊፒናዊቷ ሞግዚትና ከአረቧ እመቤት እንግሊዝኛ ጋር ነው። ማን ነው የሚያናግራችሁ? እሱን አዳምጡ አለች።

8ኛ መልስ

አንድ አባት ገቡ። እሳቸውን ያስተማሩት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ናቸው። አሜሪካዊው መምህራቸው አማርኛ አይችልም ነበርና ውኃ ለመጠጣት ለማስፈቀድ እንኳ እንግሊዝኛ ግድ ነበር፤ ጆሯቸው የተከፈተው በዚያ ነው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ቀጥለው ግን የዛሬ ትውልድ ፕላዝማ ፊት ተጎልቶ የደነዘዘ ነው፣ እንግሊዝኛም አማርኛም የለውም አሉ።

9ኛ መልስ

አባትየው በዚህ ንግግራቸው እሳት ለኮሱ። የፕላዝማ ልጅ የሆነው መላሽ ለአባትነታቸው አክብሮቱን በአንድ መስመር ሰጥቶ በተረፈው ሁሉ ተሟገታቸው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፦ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት በፍጥነት ታስረዳለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ማንም ሳይመልስ ጎበዝ ብላ ታልፋለች። ስድሳ ልጅ ተኮልኩሎ፣ ማስታወሻ ሊጽፍ ቀና ሲል ገጹ ተገልብጦ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምዕራፉ አልቆ። በዚህ የተማረ ልጅ አለመስማቱ ሳይሆን ጨርሶ ጆሮውን አለመድፈኑ ነው የሚያስገርመው አለ። አባትየውን አንድ አስተማሪ ለሠላሳ ልጅ አስተማራቸው፤ እኛን አንድ ቴሌቪዥን ለአገር አስተማረን። ልጁ ድምፁን ከፍ ማድረጉ አላማረም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ያቺን ሳንመልስ የምታሞግሰን ሴትዮ እኔም አልረሳኋትም። ጠያቂው ራሱ 34 ዓመቱ መሆኑን ጽፏልና እሱም ከነዚያው መሆን አለበት።

10ኛ መልስ

ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አስቀር ብባል ይህን አስቀራለሁ። ሚኒሶታ ነርስ የሆነች ሴት ናት የጻፈችው። የዛሬ ስድስት ዓመት ረዳት ሆና ስትሠራ አንድ ሽማግሌ ታማሚ ክንዳቸውን ማንሣት እንደማይችሉ ነገሯት፤ እሷ እንደሚችሉ ሰማች። ክፉ ነገር አልተፈጠረም፣ ሸሚዙን ስታወልቅላቸው ጮኹባት እንጂ። ማታ ቤቷ ገብታ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስታሰላስል ነው ምስጢሩ የተገለጠላት።

እኛ «ካን» ማለት ይችላል፣ «ካንት» ማለት አይችልም ነው፤ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ናት ብለን ነው የተማርነው። አሜሪካኖች ሲናገሩ ያቺ «ት» አብዛኛውን ጊዜ አትሰማም፤ ትዋጣለች። ልዩነቱ ያለው አናባቢው ላይ ነው። የሚችል ሰው ቃሏን ጨፍልቆ «አይ ክን ሊፍት ኢት» ብሎ ያልፋል፤ የማይችለው «አይ ካን ሊፍት ኢት» ብሎ «ካን»ን ለጠጥ፣ ጠበቅ ያደርጋታል። ስለዚህ እኛ ጥርት ያለ «ካን» ስንሰማ ደስ ብሎን ይችላል እንላለን፤ ሰውየው ግን አልችልም እያለን ነው።

ምክንያቱን ወደ ፊደላችን ወሰደችው። ፊደል የተጻፈውን ሁሉ ያስነብባል፤ «በ» ካለ «በ» ነው። እንግሊዝኛንም እንደ ፊደል ቆጥረን በዓይናችን ተማርነው፤ የተጻፈው ሁሉ ይሰማናል ብለን ጠበቅን። እንግሊዝኛ ግን ዋና ዋናዎቹን ቃላት ከፍ አድርጎ ትንንሾቹን ይውጣቸዋል። የማናውቀው ቃል አይደለም የሚያመልጠን፤ የምናውቀው ቃል ነው በማናውቀው ድምፅ የሚመጣብን። «ጎይንግ ቱ» «ጎና» ይሆናል፣ «ዋንት ቱ» «ዋና» ይሆናል፣ «ዋተር» ውስጥ ያለችው «ት» «ር» መሰል ድምፅ ይዛ ትመጣለች። 13 እና 30 ደግሞ የሚለዩት ጫናው የቱ ጋ እንዳረፈ በመስማት ነው፤ መድኃኒት በሚለካበት ሥራ ይቺ ቀልድ አይደለችም።

መድኃኒቷ ቃል ጽሕፈት ነው። ጽሑፉ ያለው የአንድ ደቂቃ ድምፅ፤ ዓረፍተ ነገር ባለቀ ቁጥር ማስቆም፤ የሰሙትን በእጅ መጻፍ፤ ያልሰሙትን ባዶ መተው፤ በመጨረሻ ከጽሑፉ ጋር ማመሳከር። ያመለጣትን ስታከብብ አብዛኛው አንደኛ ክፍል የተማረችው ቃል ሆኖ ታገኘዋለች። ከዚያ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደ ተናጋሪው እየዋጠች ጮክ ብላ ትለዋለች፤ በአፏ ያልዋጠችውን በጆሮዋ አትይዘውምና።

ከ11ኛ እስከ 13ኛ መልስ

11ኛው ድምፁን ከነጽሑፉ ከየት እናገኛለን አለ። 12ኛው የቢቢሲን የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ ጠቆመ፤ ጽሑፉ አብሮት አለ። ቪኦኤ ላይ ግን አስተያየት ሰጠ። ያ የዝግታ ፕሮግራም በ1959 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የታሰበው በ1,500 ገደማ ቃላት ብቻ፣ ከተለመደው ንባብ በሲሶ ዝግ ተብሎ እንዲቀርብ ነው። ለጀማሪ ወደር የለውም፤ ሆኖም ዝግ ብሎ የሚያነብ ሰው ቃል አይውጥም። ጠያቂው ቪኦኤን ሰምቶ ደንበኛውን የማይሰማበት ምክንያት ይኸው ነው ብሎ ከ10ኛዋ ጋር አጋጠመው። 13ኛው እሱ ሀ ብሎ የጀመረበትን ነገር ስላጣጣሉበት ተቀየመ። ማንም አላጣጣለም ነበር።

14ኛ መልስ

ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛው ፈተና፣ የሚዘጋጅ ልጅ። የማዳመጥ ፈተናው 40 ጥያቄ ነው፣ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ድምፁ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። እሱን የጣለው የብዙ ቁጥር «ስ» ናት። «ቲኬትስ» የሚለውን «ቲኬት» ብሎ ጻፈ፤ ትክክል አልተባለለትም። አማርኛችን «አምስት ቲኬት ቆረጥኩ»፣ «ሦስት ልጅ አለኝ» ብሎ ያልፋል፤ ቁጥሩ ከተነገረ ስሙን ማብዛት ግድ አይለውም። ስለዚህ ጆሯችን «ስ»ን ፈልጎ አያውቅም አለ። አጭር መልስ ነበረች፤ ያን ጊዜ ማንም ትኩረት አልሰጣትም።

15ኛ መልስ

እናቱን ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ግሪን ካርድ ይዞ 20 ዓመት የኖረ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ወይም 15 ዓመት የኖረ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ይተርፋል፤ እናቱ ግን ዕድሜው ኖሯቸው የቆይታው ዘመን አልሞላላቸውም። የታሪኩን ጥያቄ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድደውታል። ያስቸገራቸው «የስ» እና «ኖ» ናቸው። ቤት ውስጥ ሲለማመዱ፣ ታስረው አያውቁም አይደል ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቃቸው በሙሉ ልብ «የስ» ይላሉ። በአማርኛ ትክክል ናቸው፤ አዎ፣ እንዳልከው፣ ታስሬ አላውቅም ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛው ግን የሚያየው ጥያቄውን ሳይሆን እውነታውን ነው፤ ካልታሰሩ «ኖ» ነው። አሁን የቤቱ ሕግ «የስ» እና «ኖ» ለብቻቸው እንዳይወጡ ነው፤ እናትየው ሙሉውን፣ ታስሬ አላውቅም የሚለውን ጭምር በእንግሊዝኛ ይሉታል።

በዚሁ ላይ አንዲት መላሽ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎ የምንላትን ነገር ጨመረች። የውጭ አገር አለቃዋ ስልክ ላይ ደነገጠች ወይም ታመመች ብሎ አምቡላንስ ሊጠራ ነበር አለች። የአምቡላንሷ ነገር ትንሽ የተጋነነች ይመስለኛል።

ከ16ኛ እስከ 20ኛ መልስ

16ኛው የተረሳውን የደብተር ጥያቄ አስታወሰ። ቃልን ለብቻው ከትርጉሙ ጋር መጻፍ «መብራት ክፈት» የሚለውን «ኦፕን ዘ ላይት» ብሎ እንደማስቀረት ነው፤ ቃሉ ከነጓደኛው «ተርን ኦን ዘ ላይት» ተብሎ መመዝገብ አለበት አለ። ሃያ ብቸኛ ቃል ከመያዝ አምስት ባለጓደኛ ቃል ይሻላል ባይ ነው።

17ኛው ዳላስ የጭነት መኪና ይነዳል። እንግሊዝኛ መስሎት የኖረውን ሲያወራ ሌሊት ብቻዬን ሳቅሁ። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ሜካኒኩ ጋ ደውሎ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል ይላል። ሰውየው አልገባውም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ፍሪሲዮን፣ ፍሪሲዮን ይላል። ሰውየው አሁንም አልገባውም። በመጨረሻ እግሩ የሚረግጠው በስተግራ ያለው ፔዳል መሆኑን ሲያስረዳ ክላች ተባለ። ለካ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ ሁሉ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው፤ እሱ ልጅ ሆኖ የፈረንጅ ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ክሩ ጋራዥ ገባ። አንዱ ፖርቶ መጋላን አመጣ፣ አንዱ ማኪያቶን፤ 19ኛው አማርኛ የራሱ ቃል እያለው ምን አሳፈረን ብሎ ተቆጣ፤ 20ኛው ለቁጣው የተጠቀመባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ቆጥሮ ነገረው። ሰባት ነበሩ። የተሰደበም ነበር፤ እዘለዋለሁ።

21ኛ መልስ

ጠያቂው ከ11 ቀን በኋላ ተመለሰ። ስፒከሩ ላይ የሚሰማውን መጻፍ ጀምሯል፤ ያልገባውን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ስለሚያቅተው እንደሰማው በእኛ ፊደል ያሰፍረዋል። ሲቆጥረው ደንበኞቹ የሚናገሩት አሥር ከማይሞላ ነገር አይወጣም፦ ቲኬት ጠፋ፣ በሩ አልነሣ አለ፣ ዋጋው በዛ። አብዝቶ የተደጋገመችው ግን «ኢት ዋንት ቴክ ማይ ካርድ» የምትል ናት። እሱ ማሽኑ ካርዴን ይፈልጋል የሚሉት ይመስለው ነበር፤ ስለዚህ በትሕትና እንግዲያው ስጠው ይላቸዋል። ለስምንት ወር እንዲህ አለ። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። ባልደረባው የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት ማስታወሻውን ጮክ ብሎ ሲያነብላት ነው እየሳቀች ያረመችው፦ «ዎንት» ነው፤ ማሽኑ ካርዴን አልቀበል አለኝ ማለታቸው ነው።

22ኛ እና 23ኛ መልስ

መምህሩ በዚህ ጊዜ አልተቆጣም፤ ደስታው ያስታውቃል። «ኢት» ካለ «ዋንትስ» መባል ነበረበት፤ «ስ»ዋ የት ሄደች ብለህ ብትጠይቅ ኖሮ ግራመሩ ራሱ ይነግርህ ነበር፤ ደግሞም ከ«ዋንት» ቀጥሎ «ቱ» ይፈለጋል አለ። ነርሷ ወዲያው ገባችና «ቱ»ን አትመኑ አለች፤ «ዋንት ቱ» «ዋና» ሆኖ ሲመጣ «ቱ» የለችምና። «ስ»ዋን ግን ተቀበለችው፤ ወደ 14ኛው መልስ መልሳም፣ ያ ልጅ ስለቲኬት ሲያወራ ስለሁላችን ጆሮ እያወራ ነበር አለች።

24ኛ እና 25ኛ መልስ

ጠያቂው የሌሊት ፈረቃው ሊጀምር ስለሆነ ዛሬ «ስ» ስትመጣ እንደሚቆጥራት ጽፎ ወጣ። 25ኛው ማንንም ሳያነብ የገባ ነው፤ ዳላስ ያለኸው ወንድሜ፣ ፍሪሲዮኑን በስንት አስቀየርከው ብሎ ጠየቀ።